ካባና ዋንጫ፤ የኦክስፎርድ መጠጥ ቤቶች ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥት መዝገብና በቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም። ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ጉሮሮውን የሚያረጥብበትና ብሶቱን የሚተነፍስበት ቤትም የራሱ መዝገብ አለው። ይህ መዝገብ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን በጭስ በጠቆረ ጣራ፣ ክርን ባለሰለሰው ጠረጴዛ፣ በደጃፍ በተሰቀለ ምልክትና ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍ ወሬ የተያዘ በመሆኑ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ችላ ብለውት ኖረዋል። የእንግሊዟን የትምህርት ከተማ የኦክስፎርድን ታሪክ በሚገባ ለመረዳት ለሚሻ ግን ይህን መዝገብ መዝለል አይቻልም።

ኦክስፎርድ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ወገኖች ከተማ ናት። በአንድ በኩል ጥቁር ካባ የሚለብሱት መምህራንና ተማሪዎች፣ በሌላ በኩል ዳቦ የሚጋግረው፣ ቢራ የሚጠምቀው፣ ድንጋይ የሚጠርበውና ጫማ የሚሰፋው ነዋሪ ይገኛሉ። እንግሊዞች ይህን ልዩነት «ከተማና ካባ» በሚል አጭር አነጋገር ይገልጹታል። የኮሌጁ ግንብ ነዋሪውን ከውጭ አስቀርቶታል፤ የነዋሪውም ጓዳ ለካባ ለባሹ ዝግ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት ዋነኛ ስፍራ መጠጥ ቤቱ ነበር። ስለዚህም የመጠጥ ቤቱ ታሪክ የስካር ታሪክ ሳይሆን መስፈሪያው በማን እጅ እንደ ነበረ፣ በሩንም የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን የማን እንደ ሆነ የሚናገር የኅብረተሰብ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮማሪቶችና ምልክታቸው

በኦክስፎርድ ትምህርት መሰጠት የጀመረው በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1167 እንግሊዛውያን ተማሪዎች ወደ ፓሪስ እንዳይሄዱ ከከለከለ በኋላ የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ። ተማሪ በበዛ ቁጥር ማደሪያ የሚያከራየው፣ እንጀራ የሚያቀርበውና መጠጥ የሚቀዳውም አብሮ በዛ። በዚያ ዘመን የመጠጥ ቤቶች ሦስት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው ለመንገደኛና ለፈረሱ ማደሪያ የሚሰጠው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁለተኛው ከፈረንሳይ አገር የመጣ የወይን ጠጅ የሚሸጥበትና ገንዘብ ያለው ሰው የሚያዘወትረው የወይን ቤት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበዛው በሠርቶ አደሩ መንደር የሚገኘው የገብስ ጠላ ቤት ነበር።

ይህን የገብስ ጠላ በአብዛኛው የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ። ባሏ የሞተባት ወይም የባሏ ገቢ ያልበቃት ሴት ብቅል አብቅላ፣ በቤቷ ጠምቃ፣ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ትሸጣለች። ጥንስሱ ደርሶ ለሽያጭ ሲዘጋጅ በረጅም እንጨት ጫፍ የለመለመ ቅርንጫፍ አስራ በደጇ ታቆማለች። ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ በደጇ የምታቆመውን የኢትዮጵያ ኮማሪት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምልክት እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን መኖር ሳታውቅ ለአንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መላ መተዋል። የሚለያያቸው አንድ ነገር ጌሾ ነው። የእንግሊዝ ኮማሪት ለብዙ ዘመን ጠላዋን ያለ ጌሾ ትጠምቅ ነበር። ሆፕስ የተባለው መራራ አበባ በ15ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ መጥቶ ሲለመድ ግን መጠጡ ሳይበላሽ ብዙ ቀን መቆየትና ሩቅ መንገድ መጓዝ ቻለ። መጠጡ መጓዝ ሲችል ትልልቅ ጋኖችና ብዙ ገንዘብ ያለው ጠማቂ ገበያውን ያዘ፤ በአንድ ጋን የምትተዳደረውም ሴት ቀስ በቀስ ከሙያው ወጣች። አዲስ ጥበብ በመጣ ቁጥር ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን ይህ ትንሽ ታሪክ ያስረዳል።

የአንድ ዋንጫ ወይን ጠጅ ጦስ

በከተማይቱ መካከል አራት መንገዶች የሚገናኙበት ካርፋክስ የተባለ ስፍራ አለ። በዚህ መገናኛ ጥግ ላይ ከ1250 እስከ 1709 ስዊንድልስቶክ የተባለ የወይን ቤት ቆሞ ነበር። በየካቲት 10 ቀን 1355፣ በቅድስት ስኮላስቲካ በዓል ዕለት፣ ጥቂት ተማሪዎች ከዚህ ቤት ገብተው ወይን አዘዙ። ከመካከላቸው ዎልተር ስፕሪንግሂውስና ሮጀር ደ ቼስተርፊልድ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ወይኑ መጥፎ ነው ሲሉ ለባለ ወይን ቤቱ ለጆን ደ ክሮይደን ተናገሩ። ክፉ ቃል ክፉ ቃልን ወለደ፤ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ወይኑን በሰውየው ፊት ደፍተው በዋንጫው ራሱን መቱት።

በሌላ ከተማ ቢሆን ይህ ጠብ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። በኦክስፎርድ ግን በዋንጫው ውስጥ ከወይኑ በላይ የሞላ ቂም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1348 እና በ1349፣ ታላቁ ቸነፈር ከተማይቱን መትቷት አልፏል። ንግዷ ተዳክሟል፤ ባለቤት ያጡ ቤቶችና ቦታዎችም ወደ ኮሌጆች እጅ ይገቡ ነበር። የካባ ለባሹ ጥፋት የሚታየው በራሱ ዳኛ ፊት ስለ ነበረ ነዋሪው የተበደለውን የሚያሰማበት ደጅ አልነበረውም። ስለዚህ የከተማው ሰው የቅዱስ ማርቲንን ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደውል፣ ተማሪዎቹ በበኩላቸው የቅድስት ማርያምን ደወል ደወሉ። ቀስትና ዱላ ወጣ። በማግሥቱ ከአካባቢው ገጠር በብዙ መቶ የሚቆጠር ገበሬ የከተማውን ሰው ለመርዳት ገባ። 

ውጊያው ሦስት ቀን ቆየ። የተማሪዎቹ ማደሪያዎች ተሰበሩ፤ መጻሕፍት ተቀደዱ። በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር እንደሚያሳየው 63 ያህል ተማሪዎችና 30 ያህል የከተማው ሰዎች ሞቱ። ተማሪዎች ከከተማ ሲሸሹ በጠንካራ የድንጋይ ግንብ የተከለለው የመርተን ኮሌጅ ግን ሳይነካ ተረፈ። የሞተው በግንብ ውስጥ የሚኖረው ባለጸጋው ኮሌጅ ሳይሆን በተራ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ድሀ ተማሪና ድሀ ነዋሪ ነበር።

ሚዛኑ በማን እጅ ወደቀ?

ውጊያውን ያሸነፈው ከተማው ነበር፤ ፍርዱን ያሸነፈው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ንጉሥ ሣልሳዊ ኤድዋርድ ነገሩን መርምሮ በሰኔ 1355 ባወጣው ደብዳቤ የዳቦን፣ የጠላንና የወይንን ጥራትና ዋጋ የመቆጣጠር፣ ሚዛንና መስፈሪያ የመፈተሽ ሥልጣን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጠጥ ቤቱ ጋን በከተማው ሰው ቤት ቢቀመጥም፣ ጋኑ የሚለካበት መስፈሪያ በካባ ለባሹ እጅ ሆነ።

ከዚህም በላይ ከንቲባው፣ ሁለቱ ሹማምንትና 60 የከተማው ታላላቅ ሰዎች በየዓመቱ በቅድስት ስኮላስቲካ ዕለት ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ለሟቾቹ እንዲጸልዩና እያንዳንዳቸው አንድ ፔኒ እንዲያስገቡ ታዘዘ። አንዲት ፔኒ ኪስ አትጎዳም፤ አንገት ግን ታስደፋለች። ሥርወ መንግሥት ተለዋወጠ፤ ሃይማኖት ከሮማ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዞረ፤ የፔኒው ቅጣት ግን አልተሻረም። ይህ ሥርዓት የቆመው ከንቲባው አልሄድም ባለበት በ1825 ነው። ቅጣቱ 470 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። በየካቲት 10 ቀን 1955፣ ጠቡ 600 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ዩኒቨርሲቲው ለከንቲባው የክብር ዲግሪ፣ ከተማውም ለዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር የክብር ዜግነት ሰጥተው በይፋ ታረቁ። ጠቡ የተነሣበት ወይን ቤት ዛሬ የለም፤ በቦታው ላይ የተተከለ ጽሑፍ ብቻ ስሙንና ዘመኑን ይናገራል።

ባለቅኔው፣ ቡናውና መዝጋቢው

የመጠጥ ቤቱ መዝገብ ጠብ ብቻ አይደለም፤ ጥበብም ይገኝበታል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከካርፋክስ ብዙ በማይርቀው በኮርንማርኬት መንገድ ጆን ዳቨናንት የተባለ ሰው ወይን ቤት ነበረው። ሼክስፒር ከለንደን ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ስትራትፎርድ ሲመላለስ በዚህ ቤት ያርፍ እንደ ነበረ ጥንታዊ ወሬ አለ። በ1606 የተወለደው የባለቤቱ ልጅ ዊልያም ዳቨናንት ታላቁን ጸሐፌ ተውኔት የክርስትና አባቱ አድርጎ ይቆጥረው እንደ ነበረ ይነገራል። ወሬው እውነትም ይሁን ልብ ወለድ፣ ዊልያም ራሱ አድጎ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ለመሆን በቅቷል። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የነበሩ ጥንታዊ ሥዕሎችም ለብዙ ዘመን በእንጨት ልባጥ ተሸፍነው ቆይተው በ1927 ተገኝተዋል።

ከዚያው መቶ ዓመት እኩሌታ ጀምሮ ለወይኑና ለቢራው አዲስ ተወዳዳሪ መጣበት። የከተማይቱ ታሪክ መዝጋቢ አንቶኒ ዉድ እንደ ጻፈው በ1650 ያዕቆብ የተባለ አንድ አይሁዳዊ ኤንጀል በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ቡና መሸጥ ጀመረ። ይህ ቤት በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ቡና ቤት ተብሎ ይጠቀሳል። ከኢትዮጵያ ደን ተነሥቶ በየመንና በቱርኮች ግዛት በኩል የተጓዘው ፍሬ በዚህ መንገድ ከኦክስፎርድ መምህራን ጠረጴዛ ደረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርተር ቲልያርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚም ቡና መሸጥ ጀመረ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍቅር የነበራቸው ወጣት ምሁራንም በቤቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ሰክሮ ከመጣላት ነቅቶ መከራከር የሚሻል መሆኑን ያስተማረው ስኒ የአፍሪካ ፍሬ የተቀዳበት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

አንቶኒ ዉድ ራሱም ከ1632 እስከ 1695 የኖረ የኦክስፎርድ ልጅ ነበር። በየመጠጥ ቤቱ እየተዘዋወረ የሰማውን ወሬና ያወጣውን ሳንቲም በማስታወሻው ላይ ይመዘግብ ነበር። ኮሌጆቹ ስለ ራሳቸው ክብር ሲጽፉ፣ የተራው ሰው አነጋገርና ኑሮ ለትውልድ የተረፈው እንደ ዉድ ያሉ መዝጋቢዎች ጆሯቸውን ወደ መሸታ ቤት በማዘንበላቸው ነው።

ከደጅ የቀረው ድንጋይ ጠራቢ

ዩኒቨርሲቲው የነዋሪውን መስፈሪያ ከመቆጣጠር አልፎ የራሱንም ልጆች ከነዋሪው ለመለየት ይጥር ነበር። ፕሮክተር የሚባሉ ሹማምንት ክብ ባርኔጣ የደፉ ጠባቂዎች አስከትለው ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ይዞሩ፣ የተገኘውን ተማሪ ስሙንና ኮሌጁን ጠይቀው ያስቀጡ ነበር። ይህ ልማድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቋል። ለተማሪው መጠጥ ተነፍጎት አልነበረም፤ የንግሥት ኮሌጅ እስከ 1939 ድረስ በራሱ ግቢ ቢራ ይጠምቅ ነበር። የተከለከለው ቢራው ሳይሆን ከሠራተኛው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር መቀመጡ ነው።

ይህን ግንብ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ ነው። በ1895 በታተመው «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» በተባለው ልብ ወለድ ኦክስፎርድን በክራይስትሚንስተር ስም አቅርቧታል። ባለታሪኩ ጁድ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ላቲንና ግሪክን በራሱ ጥረት ተምሮ የኮሌጆቹን በር ቢያንኳኳም የሚደርሰው ምላሽ በሙያህ ብትጸና ይሻልሃል የሚል ነው። ግንቡን በእጁ የሚጠግን ሰው ወደ ግንቡ እንዳይገባ ተከለከለ። ልቡ የተሰበረው ጁድ ወደ መጠጥ ቤት ይሄድና በአንድ መለኪያ መጠጥ ተወራርዶ ጸሎተ ሃይማኖትን በላቲን በቃሉ ይወጣዋል። ከጨረሰም በኋላ ከአድማጮቹ መካከል በትክክል ማለቱን የሚፈርድ አንድም ሰው እንደሌለ ተገንዝቦ በንዴት ይናገራቸዋል። እውቀቱን የሚፈትነው ኮሌጅ በሩን ዘግቶበታል፤ በሩን የከፈተለት መሸታ ቤት ደግሞ እውቀቱን ሊመዝንለት አይችልም። የከተማይቱ የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ በዚህች በአንዲት ምሽት ተጠቃሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከልብ ወለዱ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ለሠራተኛው መደብ ትምህርት የሚሰጠው የረስኪን ኮሌጅ በኦክስፎርድ ተቋቋመ። ከማዕድን ጉድጓድና ከባቡር ሐዲድ የመጡ ሠራተኞች ገቡበት። በ1909 ደግሞ ተማሪዎቹ ምን ይማሩ፣ በማንስ አመለካከት ይማሩ በሚለው ጥያቄ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ከፊሎቹ ተለይተው በመውጣት የራሳቸውን የሠራተኞች ኮሌጅ መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች እንደ ጁድ በደጅ ቆመው አላለቀሱም፤ ተደራጅተው ሌላ ደጅ ከፈቱ።

የሴቶችም ጉዳይ በዚሁ መልክ የሚታይ ነው። ሴቶች በኦክስፎርድ ዲግሪ የማግኘት መብት ያገኙት በ1920 ነው። በ1607 በተከፈተውና የዋድም ኮሌጅ ንብረት በሆነው በ«ኪንግስ አርምስ» የኋላ ክፍል ገብተው መጠጣት የቻሉት ግን ገና በ1973 ነበር። በመካከለኛው ዘመን የከተማይቱን ጠላ የጠመቀችው ሴት ልጅ ልጆቿ ከመጠጥ ቤቱ የኋላ ክፍል ለመግባት ከዲግሪው በኋላ ሌላ 53 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

አሮጌው ቤትና አዲሱ ዘመን

ዛሬ የከተማይቱ እንግዳ ከሚጎበኛቸው ቤቶች አንዱ «ድብ» የተባለው ነው። ስሙን የወረሰው ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከሚጠቀስ ትልቅ የሠረገላ ማረፊያ ሲሆን፣ የዛሬው ጠባብና ዝቅ ያለ ሕንፃ ግን በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፈረስ ባልደራስ መኖሪያ ሆኖ የተሠራ ነው። ከ1952 ጀምሮ የቤቱ አስተናባሪ የክበብና የትምህርት ቤት ክራቫት ያሰረ ሰው ሲገባ ጫፏን በመቀስ ቆርጦ በምትኩ ግማሽ ፓይንት ቢራ ይሰጠው ጀመር። የተሰበሰቡት ቁራጮች ከ4,500 በላይ ሆነው በመስተዋት ሳጥን ተደርድረዋል። የማዕረግና የክበብ ምልክት የሆነው ክራቫት በባልደራስ ቤት ጣራ ሥር በቢራ ተለውጦ መሰቀሉ ለአስተዋይ ሰው የሚያስፈግግ ትዕይንት ነው።

በአሮጌው የከተማ ቅጥር ጥግ፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው «ተርፍ» ደግሞ የቦብ ሆክን ስም ይጠራል። ሆክ በሮድስ ስኮላርሺፕ ከአውስትራልያ መጥቶ የተማረ ሲሆን በ1954 ቢራ በ11 ሴኮንድ ጨልጦ በክብረ ወሰን መዝገብ ገብቷል። መጠጥ ቤቱ ክብሩን ለራሱ ይወስደዋል፤ ሆክ ግን የፈጸመው በኮሌጁ የምግብ አዳራሽ መሆኑን ጽፏል። ሰውየው ከ1983 እስከ 1991 የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል።

በቅዱስ ጃይልስ መንገድ ፊት ለፊት የሚተያዩት «ንስርና ሕፃን» እና «በግና ሰንደቅ» ከሥነ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ዝና አላቸው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጄ. አር. አር. ቶልኪን፣ ሲ. ኤስ. ሉዊስና ጓደኞቻቸው ማክሰኞ ማክሰኞ በንስርና ሕፃን የኋላ ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። ረቂቆቻቸውን የሚያነቡት በአብዛኛው ሐሙስ ማታ በሉዊስ የኮሌጅ ክፍል ቢሆንም፣ ሐሳባቸው የሚፈተነውና የሚሳቅበት በቢራው ጠረጴዛ ነበር። በ1962 ማኅበሩ መንገዱን ተሻግሮ ወደ በግና ሰንደቅ ተዛወረ።

ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭም ሕይወት ነበረ። የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና የቦይ ጀልባ ቀዛፊዎች በሚኖሩበት በጄሪኮ ሰፈር የሚገኘው «ጄሪኮ ታቨርን» በ1980ዎቹ የወጣት ሙዚቀኞች መድረክ ሆነ። በኋላ ሬድዮሄድ በሚል ስም ዓለም ያወቀው ቡድን በጀማሪነቱ ከተጫወተባቸው መድረኮች አንዱ ይኸው ነው። በካውሊ በኩል ደግሞ ዊልያም ሞሪስ ከ1913 ጀምሮ ያስፋፋው የመኪና ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠር ላብ አደር ከዌልስና ከሌሎችም አካባቢዎች ስለ ሳበ፣ ኦክስፎርድ የካባ ብቻ ሳትሆን የቱታም ከተማ ሆነች።

አዲሱ ዘመን ግን ለመጠጥ ቤቱ ቀና አልሆነም። ከ1782 ጀምሮ በከተማይቱ ቢራ ሲጠምቅ የነበረው የሞሬል ቤተሰብ ፋብሪካ በ1998 ተዘግቶ በቦታው ለባለ ገንዘብ የሚሆኑ መኖሪያዎች ተሠሩ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ንስርና ሕፃን ተዘጋ፤ በጥር 2021 በግና ሰንደቅም ተከተለው። የሁለቱም ባለንብረት የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ነበር። ከዚህ በኋላ የሁለቱ ጎረቤታሞች ዕድል ተለያየ። ንስርና ሕፃንን በ2023 አንድ አሜሪካዊ ቱጃር ያቋቋመው የቴክኖሎጂ ተቋም ገዛው። በግና ሰንደቅን ግን የከተማው ሰዎችና ወዳጆቹ በማኅበር ተደራጅተው ከኮሌጁ በኪራይ ወሰዱትና በጥቅምት 2022 እንደገና ከፈቱት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት መጠጥን የሚያወድስ አይደለም። በስዊንድልስቶክ የፈሰሰው ደም ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን ያን ደም ያፈሰሰው ወይኑ ብቻ አልነበረም፤ የተማረውን ክፍል ከሚመግበው ሕዝብ የለየው ግንብም ነበር። እውቀት ሕዝቡን በመስፈሪያና በቅጣት ለመግዛት ሲነሣ በየዓመቱ 63 ፔኒ ሰብስቦ የ470 ዓመት ቂም አተረፈ። ከሕዝቡ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በተቀመጠባቸው ጊዜያት ግን ተረትን፣ ዜማንና ክርክርን አፍርቷል። ዛሬ በግና ሰንደቅን ከፍተው የሚያስተናግዱት ሰዎች በኪራይ ያሉ ናቸው፤ ቤቱ አሁንም የኮሌጁ ነው። ቢሆንም በ1355 መስፈሪያውን የተነጠቀው ከተማ ከአንዱ ቤት ቁልፉን በእጁ ይዟል።